የካት ደሴቱ ልጅ፦ ሲድኒ ፖይቲዬና እምቢ ያላቸው ነገሮች

በኒው ዮርክ ከተማ ኩዊንስ በሚባለው ክፍል፣ በ1940ዎቹ አጋማሽ፣ አንድ ምግብ ቤት እንግዶቹን ሸኝቶ በሩን ከዘጋ በኋላ አስተናጋጆቹ ከወጥ ቤቱ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስበው እራታቸውን ይበላሉ፤ ከእነርሱ ራቅ ብሎም አንድ ረጅም ጥቁር ወጣት፣ ሥራው ሳሕን ማጠብ የሆነ፣ የመጨረሻው ሳሕን እስኪሰበሰብለት ድረስ ጋዜጣ ዘርግቶ ይቀመጣል። ከአስተናጋጆቹ አንዱ፣ በዕድሜ የገፉ አይሁዳዊ፣ ከዕለታት አንድ ቀን ወደ ወጣቱ ቀርበው ጋዜጣው ምን አዲስ ነገር እንደ ያዘ ጠየቁት። ወጣቱም ንባብ በቅጡ እንደማይሆንለት ሳይደብቅ ነገራቸው። ሽማግሌው አልሳቁበትም፤ ፈቃዱ ከሆነ አብረውት ሊያነቡ እንደሚችሉ ነገሩት እንጂ። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ለብዙ ሳምንታት፣ የሌላው ሰው ሁሉ ድካም በሚያበቃበት ሰዓት የሁለቱ ትምህርት ይጀመር ነበር፤ ነጠላ ሰረዝ ለምን እንደሚገባ፣ ረጅም ቃል በየክፍሉ ተከፍሎ እንዴት እንደሚነበብ፣ ትርጓሜው የተሰወረ ቃል ከጎረቤቶቹ ቃላት እንዴት እንደሚፈታ ሽማግሌው በትዕግሥት ያስረዱታል፤ ወጣቱም ይሰማል።

ያ ወጣት ሲድኒ ፖይቲዬ ነው። ስሙ በዓለም ከገነነ በኋላ እኒያን ሰው ሊያመሰግን ፈልጎ አላገኛቸውም፤ ይህም ነገር በእርጅናው ዘመን እንኳ ሲያወሳው ዕንባ ያመጣበት ነበር።

አንባቢያችን ፖይቲዬን የሚያውቀው በከፊል ነው ብል ያጠፋሁ አይመስለኝም። ልብሱ የተስተካከለ፣ ንግግሩ የተመጠነ፣ የነጭ ሀብታም ሰው ሳሎን ውስጥ ቆሞ ዓይኑን ሳይሰብር የሚነጋገር ጥቁር ሐኪም፤ ወይም በለንደን ምሥራቅ የሠራተኛ መንደር ውስጥ ያልታረሙ ልጆችን በጨዋነት የሚገራ አስተማሪ፤ በብዙ ተመልካች ልብ የቀረው ሥዕሉ ይህ ነው። ከዚህ ሥዕል በስተኋላ ያለው ሰው ግን በባሃማስ ደሴቶች በቲማቲም እርሻ ላይ ያደገ፣ የመደበኛ ትምህርቱ ከጥቂት ዓመታት ያልዘለለ፣ ንባብን በወጥ ቤት በር ላይ የተማረ ሰው ነው። የሠራቸው ፊልሞች ታላቅነት ብዙ ጊዜ ተነግሯል፤ እኔ ግን የዚህ ሰው ሕይወት በይበልጥ የሚነበበው እምቢ ባላቸው ነገሮች ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ፤ እምቢታውም ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ወደ ደሴቲቱ መመለስ ይገባል።

ቲማቲም የጫነች ጀልባ

ካት ደሴት ከባሃማስ ደሴቶች አንዷ ናት፤ ቀጭንና ረጅም፣ በአንድ ወገን ታላቁ ውቅያኖስ የሚመታት፣ በሌላው ወገን ባሕሩ የሚለዝብላት። የፖይቲዬ ወላጆች ሬጂናልድና ኤቭሊን በዚህች ደሴት ላይ ቲማቲም እያመረቱ፣ ምርታቸውን በጀልባ ጭነው ወደ አሜሪካ የባሕር ጠረፍ፣ ወደ ሚያሚ፣ እየወሰዱ በመሸጥ ይኖሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1927 ዓ.ም. በየካቲት ወር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ለዚሁ ገበያ ሚያሚ ሳሉ እናቲቱ ቀናቸው ሳይደርስ ወለዱ። ሕፃኑ ከአንድ ኪሎ ተኩል በታች የሚመዝን ነበርና እንደሚተርፍ ማንም አላመነም፤ አባት፣ ሌሎች ልጆችንም ቀብረው ያውቁ ስለ ነበር፣ የጫማ ካርቶን የምታህል የሬሳ ሣጥን ይዘው መጡ። እናት ግን አልተቀበሉትም። ወደ አንዲት ዕድል ተናጋሪ ሴት ሄዱ፤ ሴትየዋም ልጁ እንደሚያድግ፣ ከነገሥታት ጋር እንደሚመላለስ፣ የቤተሰቡንም ስም ወደ ዓለም ዳርቻ እንደሚያደርስ ነገረቻቸው። ፖይቲዬ ይህን ታሪክ በጻፋቸው የሕይወት ታሪክ መጻሕፍት ደጋግሞ ተርኮታል፤ አንባቢ ትንቢቱን ይመን ወይም አይመን፣ ከሁሉ በፊት እምቢ ያሉት እናቱ መሆናቸውን ልብ ማለት ይገባዋል።

በዚህ ድንገተኛ ልደት ምክንያት ልጁ የአሜሪካን ዜግነት አገኘ፤ ያደገው ግን በካት ደሴት ነው። መብራት የለም፤ መኪና የለም፤ የቧንቧ ውኃ የለም። ልብሱን እናቱ ከዱቄት ጆንያ ይሰፉለታል። መስታወት እንኳ በዚያ ስላልነበረ፣ በራሱ ትረካ መሠረት፣ የገዛ መልኩን በቅጡ ያየው ከደሴቲቱ ከወጣ በኋላ ነው። ቀኑን ሙሉ በባሕሩ ዳር ይውላል፤ ዓሣ ያጠምዳል፤ በዛፍ ላይ ይወጣል። ከዚህም ሁሉ በላይ ለኋላ ሕይወቱ ወሳኝ የሆነው፣ በደሴቲቱ የሚኖረው ሕዝብ ከጥቂቶች በቀር ጥቁር ሕዝብ መሆኑ ነው። ስለዚህ ልጁ ሰው በቆዳው ቀለም ምክንያት ዝቅ ሊል እንደሚችል ሳይማር አደገ። በአሜሪካ ደቡብ የተወለዱ የዕድሜ እኩዮቹ በሦስትና በአራት ዓመታቸው የተማሩትን፣ የቱ በር የእነርሱ እንደሆነ፣ በየትኛው የእግረኛ መንገድ ገለል ማለት እንደሚገባቸው የሚያስተምረውን ክፉ ትምህርት፣ እርሱ ሳይማር ዐሥር ዓመት ተኩል ሞላው።

> ሰው በቆዳው ቀለም ምክንያት ዝቅ ሊል እንደሚችል ሳይማር አደገ።

ከዚያ የፍሎሪዳ ገበያ ለባሃማስ ቲማቲም በሩን ዘጋ፤ ቤተሰቡም ኑሮ ፍለጋ ወደ ዋና ከተማዪቱ ወደ ናሳው ተሰደደ። ልጁ መኪና፣ በረዶ፣ ኤሌክትሪክ መብራትና ሲኒማ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው በዚያ ነው። መጀመሪያ የተመለከተው ፊልም የላም እረኞች ታሪክ ነበርና፣ ትርኢቱ ሲያበቃ ከብቶቹና ፈረሶቹ ሲወጡ ለማየት ወደ ሲኒማ ቤቱ ጓሮ ሮጠ። ስለ ሆሊዉድም የሰማ ጊዜ የላም እረኞች መንደር መስሎት፣ ወደዚያ ሄጄ እረኛ እሆናለሁ ይል ነበር። ናሳው ግን የደስታ ከተማ ብቻ አልሆነችለትም፤ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር የነበረችው ከተማ የቀለምና የሀብት ደረጃዋ የታወቀ ነበር፤ ጓደኞቹም ወደ ስርቆት ማዘንበል ጀመሩ። አባቱ የልጃቸው ፍጻሜ አስፈራቸውና፣ በዐሥራ አምስት ዓመቱ ሦስት ዶላር በእጁ አስጨብጠው፣ ወንድሙ ወደሚኖርበት ወደ ሚያሚ በመርከብ ላኩት።

ከፊት በር እስከ ሃርለም

በሚያሚ ያገኘው ሥራ ከመድኃኒት ቤት ዕቃ ማድረስ ነበር። አንድ ቀን በባሕሩ ዳር ወዳለው የሀብታሞች ሰፈር ተልኮ የአንዲት ነጭ ወይዘሮ ቤት የፊት በር አንኳኳ። ወይዘሮዋ ወደ ኋላ በር እንዲዞር አዘዘችው። ልጁ ትእዛዙ አልገባውም፤ ሴትየዋ በፊቱ ቆማለች፣ ዕቃው በእጁ ነው፣ እዚሁ መረከብ ሲቻል መዞር ለምን ያስፈልጋል? በሯን በፊቱ ስትዘጋበት ዕቃውን ደጃፉ ላይ አኑሮ ሄደ። ጥቂት ቆይቶ አንድ ማታ ወደ ወንድሙ ቤት ሲመለስ ቤተሰቡን መብራት አጥፍተው ወለል ላይ ተኝተው አገኛቸው፤ ጭምብል ያደረጉ የነጭ ዘረኞች ማኅበር የኩ ክሉክስ ክላን ሰዎች እርሱን ፈልገው መጥተው ነበርና። ብዙዎች ይህን ታሪክ የድፍረት ታሪክ አድርገው ይተርኩታል። እኔ ግን ድፍረት ከመባሉ በፊት የአስተዳደግ ታሪክ እንደሆነ አያለሁ፤ የኋላ በር የሚባል ነገር በካት ደሴት አልነበረም።

ከሚያሚ ወጥቶ ኒው ዮርክ የደረሰው ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ፣ ጥቂት ዶላር ብቻ በኪሱ ይዞ ነው። ሳሕን አጠበ፤ ማደሪያ ሲያጣ በሕንፃ ጣሪያ ላይ ተኛ፤ ክረምቱ ሲበረታበት ዕድሜውን ዋሽቶ በጦር ሠራዊት ተቀጠረ፤ ወጥቶም ወደ ሳሕኑ ተመለሰ። አንድ ቀን በኒው ዮርክ የጥቁሮች ሰፈር በሃርለም ጋዜጣ ላይ የሥራ ማስታወቂያ ሲመለከት ተዋንያን የሚፈልግ ማስታወቂያ አየ። የአሜሪካ ጥቁሮች ቴአትር ወደሚባለው ማኅበር ሄዶ የቀረበለትን ጽሑፍ ፊደል እየቆጠረ፣ በደሴት ሰው አነጋገር፣ ማንበብ ጀመረ። ፈታኙም ትዕግሥቱ አልቆ ከመድረኩ እየገፋ አስወጣው፤ ጊዜውን ከማባከን ሄዶ ሳሕን አጣቢ እንዲሆንም መከረው። ሰውየው የወጣቱን ሥራ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረም። ፖይቲዬ በኋላ እንደ ተረከው፣ ከንግግሩ ሁሉ የወጋው ይህ ነው፤ እንግዳ ሰው ባንድ እይታ መላ ዕድሜውን በመታጠቢያ ገንዳ ላይ አደረገለት። ይህን ፍርድ አልቀበልም አለ። የትወና ፍቅር ኖሮት አልነበረም፤ ተዋናይ ለመሆን የቆረጠው ያን ሰው ለማሳፈር ነው።

ርካሽ ራዲዮ ገዝቶ ለወራት የዜና አንባቢዎችን ድምፅ እየተከተለ አፉን አሰለጠነ፤ ሽማግሌው አስተናጋጅ ያስተማሩትም በዚህ ጊዜ ነው። ተመልሶ ሄደ። አሁንም ሊያሰናብቱት ሲሉ፣ ትምህርቱን ካልከለከሉት የቴአትር ቤቱን ወለል እየጠረገ በነጻ እንደሚያገለግል ነገራቸው፤ ተስማሙ። በዚያም ሃሪ ቤላፎንቴን አገኘ፤ ከካሪቢያን ስደተኞች በሃርለም የተወለደ፣ የልጅነቱን እኩሌታ በጃማይካ ያሳለፈ፣ በዕድሜም ከፖይቲዬ በዘጠኝ ቀን ብቻ የሚያንስ ወጣት። ቤላፎንቴ በአንድ ተውኔት የመሪነቱን ሚና ይዞ ፖይቲዬ ተጠባባቂው ነበር። አንድ ምሽት ቤላፎንቴ በሕንፃ ጽዳት ሥራ ምክንያት ሳይመጣ ቀረና ፖይቲዬ ተተካ፤ በዚያችም ምሽት በአዳራሹ የተገኘ አንድ አዘጋጅ ወደ ብሮድዌይ መድረክ ወሰደው። የ1946ቱ «ሊሲስትራታ» ለአራት ትርኢት ብቻ የቆየ ተውኔት ነው፤ ፖይቲዬም ፍርሃት ይዞት የቃሉን ተራ አዘበራረቀው። ሕዝቡ ሳቀ፤ ሐያስያን አወደሱት፤ በሩ ተከፈተ።

ናሳው የተከለከለችው ፊልም

የመጀመሪያው ታላቅ ሥራው በ1950 የወጣው «ኖ ዌይ አውት» ነው። አዘጋጁ ጆሴፍ ማንኪዊች፣ ተፋላሚው ሪቻርድ ዊድማርክ ነበሩ። ፖይቲዬ በዚህ ፊልም አንድ ወጣት ሐኪም ሆኖ፣ ቆስለው የመጡ ሁለት ነጭ ወንበዴ ወንድማማቾችን ሲያክም አንዱ በእጁ ይሞታል፤ የቀረውም ገደለው ብሎ ከተማውን በዘር ጥላቻ ያነሣሣል። በዚያ ዘመን በሆሊዉድ ፊልም ጥቁር ሰው አሽከር፣ ሻንጣ ተሸካሚ፣ ሲበዛም ዘፋኝ ነበር፤ ነጭ ካባ ለብሶ ነጭ በሽተኛ የሚያክም ጥቁር ሐኪም ማየት ለተመልካቹ እንግዳ ነገር ነው።

ፊልሙ ወደ ናሳው ሲደርስ የቅኝ ግዛቱ መንግሥት አገደው። የገዛ አገራቸው ልጅ የሠራውን እንዳያዩ የተከለከሉት የባሃማስ ጥቁር ዜጎች ተቃውሞ አነሡ፤ የዜጎች ኮሚቴ የተባለ ማኅበርም ተቋቁሞ በእግዱ ላይ ተሟገተ፤ መንግሥትም በመጨረሻ እግዱን አነሣ። ባሃማሳውያን በ1967 ወደ ደረሱበት የብዙኃን አስተዳደርና በ1973 ወደ ተቀዳጁት ነጻነት ከሚወስደው መንገድ ላይ ይህን የፊልም ሙግት ከቀደሙት ርምጃዎች እንደ አንዱ የሚቆጥሩት ብዙዎች ናቸው። አንድ ተዋናይ ገና በመጀመሪያ ሥራው የሕዝቡን መብት ለማንሣት ምክንያት መሆኑ በሲኒማ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚገኝ አይመስለኝም።

ወላጆቹም ይህን ፊልም አዩ፤ ከዚያ በፊት ፊልም አይተው አያውቁም ነበር። በፊልሙ መጨረሻ ገደማ ዊድማርክ ፖይቲዬን በሽጉጥ ሲደበድበው እናቱ ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ በተሞላው አዳራሽ መካከል፣ ልጃቸው መልሶ እንዲመታው ጮኹ። ይህን ጩኸት አንባቢ ያስታውሰው፤ መልሱ ዐሥራ ሰባት ዓመት ቆይቶ መጥቷልና።

ከዚያም ዞልታን ኮርዳ ላዘጋጀው «ክራይ ዘ ቢላቭድ ካንትሪ» ፊልም ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። የአፓርታይድ ሥርዓት ጥቁር ተዋንያንን እንደ ነጻ እንግዳ ስለማይቀበል፣ ኮርዳ እርሱንና ባልደረባውን ተዋናይ ካናዳ ሊን በውል የታሰሩ አገልጋዮቼ ናቸው ብሎ ለማስገባት ተገደደ።

ሰባ አምስት ዶላር

ከዚህ በኋላ ባሉት ዓመታት ሥራ አልጎረፈለትም። ሁለተኛ ልጁ ልትወለድ በተቃረበችበትና ለሆስፒታል የሚከፈለው ሰባ አምስት ዶላር ባልነበረው ጊዜ አንድ ወኪል የፊልም ሚና አቀረበለት፤ ደመወዙ በሳምንት ሰባት መቶ ኀምሳ ዶላር። ሚናው የአንድ አባት ነው፤ ወንበዴዎች አፉን ለማዘጋት ሴት ልጁን ገድለው ሬሳዋን በደጁ ይጥላሉ፤ አባትየው ግን አንዳች አያደርግም። ፖይቲዬ ጽሑፉን አንብቦ አልሠራም አለ። ወኪሉ ምክንያቱን ቢጠይቀውም በጊዜው አላስረዳውም፤ የቤት ዕቃውን አስይዞ ሰባ አምስቱን ዶላር ተበደረ። ኋላ እንደ ገለጸው፣ አባቱ ሬጂናልድ ፖይቲዬ እንዲህ ያለ አባት አልነበሩምና በስማቸው እንዲህ ያለ አባት መሆን አልቻለም። ወኪሉ በዚህ እምቢታ ተገርሞ፣ እንዲህ ያለ ሰው መያዝ ይገባኛል ብሎ፣ የረጅም ዘመን ወኪሉ ሆነ።

> የቤት ዕቃውን አስይዞ ሰባ አምስቱን ዶላር ተበደረ።

ሁለተኛው እምቢታ የፖለቲካ ነበር። በ1955 ለወጣው «ብላክቦርድ ጀንግል» ሲቀጠር፣ ዘመኑ ኮሙኒስት ተብሎ የተጠረጠረ ሁሉ ከሥራ የሚባረርበት ነበርና፣ የስቱዲዮው ሰዎች በዚሁ የተጠረጠሩትን ጥቁር ተዋንያን ፖል ሮብሰንንና ካናዳ ሊን የሚክድ ወረቀት እንዲፈርም ጠየቁት። ሁለቱም ታላላቆቹ ነበሩ፤ ካናዳ ሊ በደቡብ አፍሪካ አብሮት የተዋረደ፣ ያን ጊዜም ከሞተ ጥቂት ዓመት የሆነው ሰው ነው። ፖይቲዬ አልፈረመም። ሥራውንም አላጣም፤ አዘጋጁ ሪቻርድ ብሩክስ ወረቀቱን ችላ ብሎ ቀረጻውን ቀጠለና።

በ1958 «ዘ ዲፋየንት ዋንስ» ወጣ፤ በአንድ ሰንሰለት የታሰሩ ጥቁርና ነጭ እስረኞች ሲያመልጡ የሚያሳይ ፊልም ነው። ፖይቲዬ በዚህ ሥራው ለዋና ተዋናይ የኦስካር ሽልማት የታጨ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ሆነ። የፊልሙ ፍጻሜ ግን ተመልካቹን ለሁለት ከፈለ። ጥቁሩ እስረኛ በሚሄደው ባቡር ላይ ተሳፍሮ ነጻነቱን ሊያገኝ ሲል፣ ነጩ ጓደኛው መድረስ ሲያቅተው፣ እርሱን ላለመተው ከባቡሩ ይወድቃል። የነጮች ተመልካቾች በሚበዙበት አዳራሽ ይህ የወንድማማችነት ምልክት ሆኖ ተጨበጨበለት፤ በሃርለም ግን ሕዝቡ ወደ ባቡሩ ተመለስ እያለ ተቆጣ። ከዚህች ቀን ጀምሮ ፖይቲዬ በሁለት ሸንጎ ፊት የሚቆም ሰው ሆኖ ኖረ።

ቤተ ጸሎቱ

በአሪዞና በረሃ ውስጥ ከአውሮፓ የመጡ ጀርመንኛ ተናጋሪ መነኮሳይያት ይኖራሉ። ገንዘብ የላቸውም፤ እምነት ግን አላቸው። አንድ መንገደኛ ጥቁር ሠራተኛ፣ ሆመር ስሚዝ የሚሉት፣ ለመኪናው ውኃ ሊጠይቅ ይቆማል፤ እመ ምኔቷም ቤተ ጸሎት ይሠራልን ዘንድ እግዚአብሔር ላከልን ብላ ትቀበለዋለች። እርሱ አልተላክሁም ይላል፤ እርሷ ተልከሃል ትላለች። «ሊሊስ ኦቭ ዘ ፊልድ» የተባለው የ1963 ፊልም ጭብጡ በሙሉ ይኸው ነው፤ ስሙም ከወንጌለ ማቴዎስ፣ ጌታ ስለ ሜዳ አበቦች ካስተማረው፣ የተወሰደ ነው። አዘጋጁ ራልፍ ኔልሰን ገንዘቡ ስላልበቃው ቤቱን አስይዞ ሠራው፤ ቀረጻው ሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ወሰደ። ፖይቲዬ ከለመደው ያነሰ ክፍያ ተቀብሎ ከትርፉ ድርሻ ተስማማ። መነኮሳይያቱን መዝሙር ሲያስተምር የሚሰማው ድምፅ ግን የርሱ አይደለም፤ ዜማ የማይሆንለት ሰው ነበርና ሌላ ዘማሪ ዘመረለት።

ከሥራዎቹ ሁሉ ልቤ የሚያደላው ለዚህ ነው። በዚህ ፊልም ፖይቲዬ ጥቁር መሆኑን ተመልካች ይረሳል ማለቴ አይደለም፤ አንድ የቁጣ ትዕይንትም አለ። ሆኖም ሆመር ስሚዝ ይስቃል፣ ይኮራል፣ ያኮርፋል፣ ሌላ ሰው ጡብ ላስቀምጥ ሲለው ቤተ ጸሎቱ የኔ ብቻ ነው ብሎ ይቀናል። ለማንም ምሳሌ እንዲሆን የተገደደ ሰው አይደለም። ሕንፃው ሲጠናቀቅ ስሙን በጉልላቱ ሥር በእርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ይጽፋል፤ ምረቃውን ሳይጠብቅ ሌሊት መኪናውን አስነሥቶ ይሄዳል።

ሚያዝያ 13 ቀን 1964 በሳንታ ሞኒካ ከተማ አዳራሽ፣ በኦስካር ሽልማት ሥነ ሥርዓት ላይ፣ ተዋናይት አን ባንክሮፍት ፖስታውን ከፍታ ስሙን ጠራች። ከርሱ በፊት ጥቁሯ ተዋናይት ሃቲ ማክዳንኤል የረዳት ተዋናይት ሽልማት በ1940 ተቀብላ ነበር፤ ያን ዕለት ግን አብረዋት ከተጫወቱት ነጭ ተዋንያን ተለይታ በዳር ባለ ጠረጴዛ ነው የተቀመጠችው። የዋና ተዋናይን ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ፖይቲዬ ሆነ። ሁለተኛውን ጥቁር ወንድ ለማየት ግን ዓለም ሠላሳ ስምንት ዓመት መጠበቅ ነበረባት፤ ይህንን ቁጥር የሆሊዉድ ሰዎች በኩራት ሊያነሡት አይገባም።

በብርጭቆ ቤት ውስጥ የተመለሰች ጥፊ

በዚያው በ1964 በነሐሴ ወር፣ ሦስት የሲቪል መብት ወጣቶች ሚሲሲፒ ውስጥ ተገድለው አስከሬናቸው ከተገኘ ጥቂት ቀን በኋላ፣ ቤላፎንቴ ደውሎ ወደ ግሪንዉድ አብሮት እንዲሄድ ጠየቀው። የሰባ ሺሕ ዶላር ጥሬ ገንዘብ በቦርሳ ይዘው፣ በዚያ ለጥቁሮች የምርጫ ምዝገባ ለሚታገሉ ወጣቶች ሊያደርሱ በትንሽ አውሮፕላን ሌሊት አረፉ። ከአውሮፕላን ማረፊያው ሲወጡ የክላን ሰዎች በጭነት መኪና ከኋላ እየገጩ አሳደዷቸው። ገንዘቡ ደረሰ፤ በአዳራሹ የተሰበሰበውም ሕዝብ በዝማሬና በእልልታ ተቀበላቸው።

ስለዚህ «ኢን ዘ ሂት ኦቭ ዘ ናይት» የተባለው ፊልም ሊቀረጽ ሲታሰብ፣ ታሪኩ የሚሲሲፒ ቢሆንም፣ ፖይቲዬ ወደ ደቡብ አልሄድም አለ። አዘጋጁ ኖርማን ጁዊሰን አብዛኛውን ክፍል በሰሜን፣ ኢሊኖይ ግዛት ባለች ስፓርታ በምትባል ትንሽ ከተማ ቀረጸው። ለጥቂት ቀናት ወደ ቴነሲ መውረድ ግድ በሆነ ጊዜም ተዋናዩ ሽጉጥ ከትራሱ ሥር አድርጎ ይተኛ ነበር።

የፊልሙ ልብ አንዲት አጭር ትዕይንት ናት። ከፊላደልፊያ የመጣው መርማሪ ቨርጂል ቲብስ የጥጥ እርሻ ባለቤት የሆነውን ሽማግሌ ባላባት አበቦች በሚበቅሉበት የብርጭቆ ቤት ውስጥ ያነጋግረዋል። ባላባቱ መጠየቁን እንደ ተረዳ መርማሪውን በጥፊ ይመታዋል። ቲብስም ሳያሰላስል፣ ሳይናገር፣ መልሶ ይመታዋል። የሎሚ መጠጥ በትሪ ይዞ የቆመው ጥቁር አሽከር ያያል፤ በሮድ ስታይገር የተመሰለው የፖሊስ አዛዥ ምን እንደሚያደርግ ይጠፋዋል። ፖይቲዬ በኋላ እንደ ተረከው፣ ይህ መልስ ከየትኛውም የፊልሙ ቅጂ እንዳይቆረጥ አስቀድሞ ቃል አስገብቷል። በናሳው አዳራሽ ተነሥተው የጮኹት እናቱ ይህን አላዩም፤ ከሦስት ዓመት በፊት ዐርፈው ነበር።

> ሳያሰላስል፣ ሳይናገር፣ መልሶ ይመታዋል።

1967 የርሱ ዓመት ነበር። ከዚህ ፊልም ሌላ በጉያና ተወላጁ ደራሲ ብራይትዌይት መጽሐፍ ላይ የተመሠረተው «ቱ ሰር ዊዝ ላቭ»፣ እንዲሁም ስፔንሰር ትሬሲና ካትሪን ሄፕበርን የተሳተፉበትና ስለ ጥቁርና ነጭ ጋብቻ የሚናገረው «ጌስ ሁ ኢዝ ካሚንግ ቱ ዲነር» በዚያው ዓመት ወጡ። በዚሁ ዓመት በሰኔ ወር የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጥቁርና በነጭ መካከል የሚደረግን ጋብቻ የሚከለክለውን ሕግ፣ በ16 ግዛቶች ጸንቶ የነበረውን፣ ሽሮታል።

በሁለት ሸንጎ ፊት

ክብሩ ከፍ ባለበት በዚሁ ዓመት ወቀሳው በረታ። አንድ ጥቁር ጸሐፌ ተውኔት በታላቅ የኒው ዮርክ ጋዜጣ ላይ፣ ነጭ አሜሪካ ፖይቲዬን ለምን እንዲህ እንደምትወደው ጠይቆ በብርቱ ተቸው። ሐያስያን ያቀረቡት ክስ ቀላል አልነበረም። ፖይቲዬ የሚጫወተው ሰው ቤተሰብ የለውም፤ ሰፈር የለውም፤ ሥጋዊ ፍቅር አያውቅም፤ የሚኖረው ነጮችን ለመርዳትና ለማጽናናት ነው። «ጌስ ሁ ኢዝ ካሚንግ ቱ ዲነር» ውስጥ ያለው ሙሽራ በዓለም የታወቀ ሐኪም ነው፤ ጉድለት ከቶ አይገኝበትም። የፊልሙ ሰዎች፣ የሙሽራዪቱ ወላጆች ጋብቻውን ለመቃወም ከቀለሙ በቀር ሌላ ምክንያት እንዳያገኙ ፍጹም አደረግነው ብለው ተከላከሉ። ጥንዶቹ ሲሳሳሙ እንኳ ተመልካች የሚያየው በታክሲ ሹፌሩ መስታወት ውስጥ ብቻ ነው። በየከተማው እሳት በሚነድበት ዘመን ይህ ሥዕል ለወጣቶቹ የሩቅ ነገር ሆነባቸው።

ክሱን በቅን ልቡና የመዘነ ሰው ግማሹን ይቀበለዋል፤ እኔም እቀበለዋለሁ። ጽሑፎቹ ጠባብ ነበሩ፤ ጻድቅ ካልሆነ በቀር ጥቁር ሰው በሳሎናቸው እንዲቀመጥ የማይፈቅዱ ሰዎች የጻፏቸው ነበሩ። ነገር ግን የጽሑፉን ጥበት በተዋናዩ ላይ መጫን ፍርድ ማጓደል ነው። በዚያ ዘመን በሆሊዉድ የመሪነት ሚና ይሰጠው የነበረው ጥቁር ተዋናይ እርሱ ብቻ ነበር ለማለት ይቻላል፤ አንድ ሰው የአንድን ሕዝብ መልክ ሁሉ እንዲሸከም ሲገደድ፣ ክፉ ሰው ሆኖ የመጫወት ነጻነት እንኳ ይነፈጋል። ፖይቲዬም ይህን ሸክም ያውቀው ነበር፤ በገጸ ባሕርያቱም ምርጫ አባቱ እንዲያፍሩበት አልፈልግም ይል ነበር። ከርሱ በኋላ የመጡት ጥቁር ተዋንያን ወንበዴም፣ ሰካራምም፣ ወላዋይም ሆነው መጫወት የቻሉት እርሱ በሩን በትከሻው ይዞ ስለ ቆየላቸው ነው፤ ብዙዎቹም ይህንኑ ይመሰክራሉ።

ወቀሳው ግን ጎድቶታል። ወደ ባሃማስ ተመልሶ በባሕሩ አጠገብ ጥቂት ዓመታት ኖረ፤ ከዚያም ከካሜራው በስተኋላ ቆመ። በ1972 «በክ ኤንድ ዘ ፕሪቸር»ን ራሱ አዘጋጀ፤ ከባርነት የወጡ ጥቁሮች ወደ ምዕራብ ሲሰደዱ የሚያሳይ የፈረሰኞች ፊልም ነው፤ አብሮት ቤላፎንቴ ተጫውቷል። በናሳው የሲኒማ ቤት ጓሮ ከብቶቹን ሲጠብቅ የነበረው ልጅ በመጨረሻ ፈረስ ላይ ወጣ። ቀጥሎም የጥቁሮችን ሠፈር ሳቅ የሚያሳዩ ቀልደኛ ፊልሞችን አዘጋጀ፤ በ1980 የሠራው «ስተር ክሬዚ» ከመቶ ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ።

የቀረውን ባጭሩ ላንሣ። በ1974 ከእንግሊዝ ንግሥት የሰር ማዕርግ ተቀበለ፤ ከ1997 እስከ 2007 በጃፓን የባሃማስ አምባሳደር ሆኖ አገለገለ፤ በ2009 ፕሬዚዳንት ኦባማ የነጻነት ሜዳይ ሰጡት። ጥር 6 ቀን 2022 በዘጠና አራት ዓመቱ ሲያርፍ የባሃማስ ሰንደቅ ዓላማ ዝቅ ብሎ ተውለበለበ።

ፊልሞቹን ያላየ አንባቢ በ1967ቱ ታዋቂዎች እንዳይጀምር እለምነዋለሁ። አስቀድሞ «ኖ ዌይ አውት»ን ይመልከት፤ በዚያ ገና ያልተሞረደ፣ የሚፈራና የሚቆጣ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት አለ። ከርሱ ቀጥሎ «ሊሊስ ኦቭ ዘ ፊልድ»ን ይይ። «ጌስ ሁ ኢዝ ካሚንግ ቱ ዲነር»ን ለመጨረሻ ያቆየው፤ ያን ጊዜ በሳሎኑ የቆመው ጨዋ ሐኪም ከየት እንደ መጣና ምን እንዳስከፈለው ያውቃል።